መሮጥ የማትችል ልጅ ቅብጥብጥ ልትባል ትችላለች? ሴሬብራል ፓልሲ ባለባቸው ልጆች ላይ ስለሚታይ የትኩረት ችግር የተደረገ ውይይት

መነሻው

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የተወለደችው ያለ ጊዜዋ፣ በ30ኛው የእርግዝና ሳምንት ሲሆን፣ የሁለቱም እግሮቿ ጡንቻ ስለሚገታተር በእጅ የሚያዝ መደገፊያ ይዛ ትራመዳለች። ያለባት ስፓስቲክ ዳይፕሌጂያ የሚባለው የሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ ከደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር፣ ዓይነት መሆኑን ሐኪሞች የነገሩን ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ እግሯ ያልጠየቅኩት የለም። ወደዚህ መድረክ ይዤው የመጣሁት ጥያቄ ግን ስለ እግሯ አልነበረም።

የጻፍኩት አንድ ምሽት ያየሁትን ነው። አራት የመደመር ጥያቄዎች ያሉበት ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። የመጀመሪያውን በደንብ ሠራች። ሁለተኛው ላይ እርሳሷን አስቀምጣ ላጲሱን በአውራ ጣት ጥፍሯ መቆርቆር ጀመረች፤ ስጠራት ደንገጥ ብላ ተመለሰች። ሦስተኛው ላይ የመልሱን ግማሽ ጽፋ፣ ግድግዳው ላይ የሚወዛወዘውን የመጋረጃ ጥላ በዓይኗ ትከተል ነበር። አራተኛው ሳይነካ 40 ደቂቃ አለፈ። ስትተኛ ያንኑ አራተኛውን በቃል ብጠይቃት ወዲያው መለሰችልኝ።

ለአንድ ባለሙያ ይህንኑ ሳስረዳ፣ ነገሩ የሴሬብራል ፓልሲው አካል ስለሆነ ሌላ ስም መፈለግ እንደማያስፈልግ ተነገረኝ። እኔም ሁለት ነገር ጠየቅሁ። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ኤዲኤችዲ፣ ማለትም የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር፣ ተጨምሮ ሊኖርበት ይችላል ወይ? የሚችል ከሆነስ፣ ኤዲኤችዲን ለመለየት የሚሞላው መጠይቅ ስለ መሮጥና ስለ መንጠላጠል የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ ሮጣ የማታውቅ ልጅ በምን ትለካለች? በመጨረሻም፣ ሕመሙ እየሰፋ ወደ አእምሮዋ እየደረሰ ይሆን የሚለውን ፍርሃቴን ጨምሬ ጻፍኩ። የመጡትን ምላሾች በቁጥራቸው ተራ እዚህ እተርካለሁ።

1ኛ ምላሽ

ቀድመው የመለሱልኝ የ14 ዓመት ወንድ ልጅ እናት ናቸው። እኅቴ እያሉ፣ በትሕትና፣ እሳቸውም ለስድስት ዓመት ያህል ያንኑ መልስ ሲሰጣቸው እንደኖረ ነገሩኝ። ልጃቸው ሴሬብራል ፓልሲው ያረፈው በቀኝ ጎኑ ብቻ ነው፤ ክፍል ውስጥ የሚያደርገው ሁሉ እጁ እንቢ ስለሚለው ከሚመጣ ብስጭት ነው ተብሎ ታልፏል። ኤዲኤችዲ እንዳለበት የታወቀው በ11 ዓመቱ ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግባቸው በእነዚያ ዓመታት ልጁ ራሱን ሰነፍ አድርጎ ማመኑ መሆኑን ጻፉ። አንድ ባለሙያ አይሆንም ካለ ሌላ መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ መክረው ጽሑፋቸውን ዘጉ።

2ኛ ምላሽ

በልጆች እድገት ላይ የሚሠሩ ሐኪም መሆናቸውን የገለጹ ሰው ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጡ። መጀመሪያ ያረሙት የእኔን ፍርሃት ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ ከደረሰ ጉዳት የሚመጣ እንጂ ጉዳቱ ራሱ እየሰፋ የሚሄድ አይደለም። ልጁ ባደገ ቁጥር የሚጨምረው ከእሱ የሚጠበቀው ነገር ነው። አንደኛ ክፍል ላይ ማንም ያላየው የትኩረት ችግር ሦስተኛ ክፍል ላይ ጎልቶ የሚወጣው፣ ትእዛዙ ስለሚረዝም፣ የሚጻፈው ስለሚበዛና መምህሩም እያንዳንዱን እርምጃ ቆሞ ማስታወሱን ስለሚያቆም እንደሆነ አስረዱ።

ቀጥለው ወደ ጥያቄዬ ገቡ። በየትኛውም የልጆች ስብስብ ከ100 ልጆች አምስት ያህሉ ላይ ኤዲኤችዲ ይገኛል፤ ሴሬብራል ፓልሲ ባለባቸው ልጆች መካከል በተደረጉ ጥናቶች ግን ቁጥሩ ከዚህ እጥፍ ድርብ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዓለም አቀፍ የሴሬብራል ፓልሲ ትርጓሜም፣ የእንቅስቃሴው ችግር ብዙ ጊዜ ከስሜት ሕዋስ፣ ከማስተዋል፣ ከመግባባት፣ ከባሕርይና ከሚጥል በሽታ ጋር አብሮ እንደሚመጣ በግልጽ ያስቀምጣል። ስለዚህ የሴሬብራል ፓልሲው አካል ነው የሚለው መልስ ብቻውን ሲሰማ ስሕተት ባይሆንም፣ ምርመራውን ማቆሚያ ሆኖ ሲያገለግል ስሕተት ይሆናል አሉ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ምክንያቱን ያስረዱበት ክፍል ነው። ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚጎዳው፣ በፈሳሽ የተሞሉትን የአንጎል ክፍተቶች ከቦ የሚገኘው ነጩ የአንጎል ክፍል ነው። ወደ እግር የሚወርዱት የነርቭ ጭረቶች ለእነዚህ ክፍተቶች በጣም ቅርብ ሆነው ስለሚያልፉ ከክንድ ይልቅ እግር ይበልጥ ይጎዳል። ይሁን እንጂ በዚያው ሰፈር የሚያልፉት የእግር ጭረቶች ብቻ አይደሉም፤ የፊተኛውን የአንጎል ክፍል ከውስጠኛዎቹ ክፍሎች ጋር የሚያገናኙትና ትኩረትን በመያዝ፣ ራስን በመግታትና ሥራን በቅደም ተከተል በማስኬድ የሚሳተፉት ጭረቶችም አብረው ሊነኩ ይችላሉ። ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ልጆች ላይ የሚታየው ኤዲኤችዲም አብዛኛውን ጊዜ ከመቅበጥበጥ ይልቅ ወደ ትኩረት ማጣቱ ያደላል። ጸጥ ብላ በሐሳብ የምትነጉድ ልጅ ማንንም ስለማታስቸግር ሳትታይ ታልፋለች ሲሉ፣ የልጄን ፊት ያዩት መሰለኝ።

3ኛ ምላሽ

አንድ አባት ልጅቱ ሌሊት እንዴት እንደምትተኛ በአንድ መስመር ጠየቁኝ። እግሯ በሌሊት ሲኮማተርባት ሁለት ሦስት ጊዜ እንደምትነቃ መለስኩ። እሳቸው ሌላ አልጨመሩም፤ ጥያቄያቸው ምን ያህል ክብደት እንደነበረው የገባኝ ዘግይቶ ነው።

4ኛ ምላሽ

የዚህ መላሽ ልጅ የ10 ዓመት ወንድ ሲሆን፣ በራሱ መቀመጥ ስለማይችል ውሎው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። ያለበትም ክንዶቹንና ፊቱን ያለ ፈቃዱ የሚያንቀሳቅሰው የሴሬብራል ፓልሲ ዓይነት ነው። አባትየው፣ ልጃቸው አንድ እርምጃ ተራምዶ እንደማያውቅና እንደ እሱ ቅብጥብጥ የሆነ ልጅ ግን አይተው እንደማያውቁ ጻፉ። ቅብጥብጥነቱ የሚኖረው በአፉና በዓይኑ ነው። ወደ መስኮቱ ውሰዱኝ ይላል፤ እንደደረሰ ወደ በሩ መልሱኝ ይላል፤ በሩ ጋ ሳይደርስ መጽሐፉን ያነሣል፤ መጽሐፉ ሲከፈት ስለ ሌላ ነገር መጠየቅ ይጀምራል። ሌላ ልጅ በራሱ እግር የሚፈጽመውን መዞር እሱ በወላጆቹ እግር ይፈጽመዋል፤ ማታ የሚደክሙትም እነሱ ናቸው።

እኚህ አባት አንድ የምርመራ ቀን በዝርዝር አስታወሱ። ልጁን የምትመረምረው ሴት ወረቀቷ ላይ እጁ እንደማያርፍ ጽፋ ነበር። ያ የእጅ እንቅስቃሴ ግን ልጁ የማያዝዝበትና ሲጨነቅ የሚብስበት ነው። በአንጻሩ ጥያቄዋን ሳትጨርስ አሥር ጊዜ መልስ እንደወረወረላት አልጻፈችም፤ ንግግሩ ለማታውቀው ሰው ስለማይገባ እንደ መልስ አልቆጠረችውም። ያልነበረውን ቅብጥብጥነት መዝግባ የነበረውን አለፈችው። ይህን ምላሽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

5ኛ ምላሽ

የኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ ማለትም የዕለት ተዕለት ተግባርን ለመቻል የሚረዳ ሕክምና፣ ባለሙያ የሆኑ ሴት 4ኛውን ምላሽ ተከትለው፣ የመጠይቁን ነገር በስሌት አሳዩን። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመዘኛ መሠረት ለትኩረት ማጣት ዘጠኝ፣ ለቅብጥብጥነትና ለግብታዊነት ደግሞ ሌላ ዘጠኝ ምልክቶች አሉ። ለልጅ ከአንዱ ወገን ቢያንስ ስድስቱ መሟላት፣ ቢያንስ ለስድስት ወር መቆየት፣ ከአንድ ቦታ በላይ መታየትና ከ12 ዓመት በፊት መጀመር አለባቸው። አሁን ከቅብጥብጥነቱ ዘጠኝ ውስጥ ከመቀመጫ መነሣትን፣ መሮጥና መውጣትን፣ እንዲሁም እንደ ሞተር ያለ ዕረፍት መንቀሳቀስን የሚጠይቁት ሦስቱ በቀጥታ እግር ይፈልጋሉ። እጅና እግርን ስለማቁነጥነጥ የሚጠይቀው አራተኛው ደግሞ ያለ ፈቃድ ከሚመጣ እንቅስቃሴ ጋር ይደባለቃል። የሚቀሩት አምስት ናቸው። አምስቱንም የሚያሟላ ልጅ ቢኖር እንኳ፣ አራተኛው ካልተቆጠረለት፣ መጠይቁ ቃል በቃል ሲሞላ ስድስት ሊደርስ አይችልም።

በትኩረት ማጣቱ በኩል ስሕተቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ሊሄድ እንደሚችልም አስጠነቀቁ። ሥራ ጀምሮ አለመጨረስ ከምልክቶቹ አንዱ ነው፤ እጁ ቀርፋፋ የሆነ ልጅ ግን ትኩረቱ ሙሉ ሆኖም አይጨርስም። ስለዚህ መጠይቁን የሚሞላ ወላጅ ወይም መምህር እያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ ልጁ ይህን የሚያደርገው ስለማይችል ነው ወይስ ሐሳቡ ስለሚሄድ የሚለውን በራሱ ቃል እንዲጽፍ መከሩ። በሥራ ብዛት ጥቂት ባለሙያዎች ብቻ ይህን እንደሚያነቡም አልሸሸጉም።

6ኛ ምላሽ

እስከዚህ ድረስ የነበረው ጨዋ ድምፅ እዚህ ላይ ተለወጠ። አንድ ሰው፣ ወላጆች በልጆቻቸው ላይ ስም መደራረብ ልማድ አድርገውታል፤ ኤዲኤችዲ የሚባለው የቅርብ ጊዜ ፈጠራ ነው፤ አንድ ችግር ያልበቃው ልጅ ላይ ሁለተኛ መለያ ለጥፎ መድኃኒት መጋት ከወላጅ የማይጠበቅ ነው ብለው ጻፉ። የኔ ልጅ የሚያስፈልጋት ጠበቅ ያለ ሥርዓት መሆኑንም ጨመሩ። የገጠመኝን ስሜት አልደብቅም፤ ለመመለስ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ደመሰስኩት።

7ኛ እና 8ኛ ምላሽ

በ7ኛው ላይ የመጀመሪያዋ እናት በእኔ ፈንታ መለሱ፤ የቀድሞው ትሕትናቸው አልነበረም። ለስድስት ዓመት ሥርዓት ሲያጠብቁ እንደኖሩ፣ ያ ሁሉ ጥብቀት ልጃቸው ማታ ማታ እንዲያለቅስ ከማድረግ በቀር ምንም እንዳላመጣ፣ በማያውቁት ቤት ገብቶ መፍረድ ደግሞ ከሥርዓት እንደማይቆጠር አስረግጠው ጻፉ።

8ኛው መላሽ ሙግቱን ትተው የታሪኩን ስሕተት አረሙ። የስኮትላንዱ ሐኪም አሌክሳንደር ክራይተን እ.ኤ.አ. በ1798 ትኩረት መያዝ ስለማይሆንላቸው ሰዎች ጽፎ ነበር። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲልም እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ውስጥ ራሳቸውን መግታትና ትኩረታቸውን ማቆየት ስለሚያቅታቸው ልጆች ተከታታይ ትምህርት ሰጥቷል። ዊልያም ሊትል ደግሞ ዛሬ ሴሬብራል ፓልሲ የምንለውን እ.ኤ.አ. በ1861 ለለንደን የማዋለድ ሐኪሞች ማኅበር ሲያቀርብ፣ አስቸጋሪ ወሊድና ያለ ጊዜ መወለድ በልጁ አካልና አእምሮ ላይ የሚያደርሱትን አንድ ላይ አድርጎ ነው። ስሙ አዲስ ቢሆንም የታየው ነገር አዲስ አይደለም ማለታቸው ነው።

9ኛ ምላሽ

የዚህ ምላሽ ጸሐፊ ራሳቸው ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ጎልማሳ ናቸው፤ ሁለቱንም ወገን በእርጋታ የተቹት እሳቸው ነበሩ። በልጅነታቸው ትኩረት የለውም ይባሉ ነበር። እውነቱ ግን ክፍል ውስጥ የነበራቸው ትኩረት ሁሉ የሚያልቀው ከወንበር ላለመንሸራተት ነው። ወንበሩ ለቁመታቸው ረጅም ነበር፤ እግራቸው ወለል ስለማይነካ ዳሌያቸው ወደ ፊት ይሸሻል፤ በግራ እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨምድደው በቀኛቸው ይጽፋሉ። መምህሩ ያስተማረው ስለ ምን እንደነበር የሚያስታውሱት ጥቂት ሲሆን፣ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የነበረውን ስንጥቅ ግን እስከ ዛሬ በጣታቸው ሊሥሉት ይችላሉ። እግራቸው ሥር መርገጫ፣ ወገባቸው ላይ ድጋፍ የተሠራላቸው በ12 ዓመታቸው ነው፤ ያን ጊዜ ግራ እጃቸው ነፃ ወጣ፤ ጆሯቸውም አብሮ ተከፈተ።

ከዚህ ተነሥተው 6ኛውን ሰው ስለማያውቁት ሕይወት ደፍረው በመናገራቸው ወቀሱ፤ እኛንም ስም ከመፈለጋችን በፊት ወንበሩን እንድናይ አሳሰቡ። በዚያው ሌሊት የልጄን ወንበር አየሁ። ተረከዟ ከወለሉ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። ይህን ወንበር በየቀኑ እየሳብኩ አስቀምጣት ነበር።

10ኛ ምላሽ

ሐኪሙ ተመልሰው 9ኛውን ምላሽ ካመሰገኑ በኋላ፣ ትኩረት ማጣት መስለው የሚታዩ ሌሎች ነገሮችን አነሡ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሰፊ የጥናት ቅኝት ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ሕመም እንደሚሰማቸው፣ ከአራቱ አንዱ የሚጥል በሽታ እንዳለበት፣ ከአምስቱ አንዱ የእንቅልፍ ችግር እንዳለበት ያሳያል። የ3ኛውን ምላሽ አጭር ጥያቄ ያስታወሱትም እዚህ ላይ ነው። በሌሊት ሦስት ጊዜ የነቃ ማንኛውም ልጅ በማግስቱ ኤዲኤችዲ ያለበት ይመስላል አሉ።

የሚጥል በሽታ ሁልጊዜ በመውደቅና በመንቀጥቀጥ አይገለጥም። ለጥቂት ሴኮንዶች በድንገት መፍዘዝ፣ የጀመሩትን ቃል ከመሃሉ መቁረጥ፣ ከዚያም ምንም እንዳልሆነ መቀጠል ሊሆን ይችላል። በሐሳብ የሄደች ልጅ ትከሻዋን ሲነኳት ትመለሳለች፤ ይህኛው ግን ቢነኳትም አይቋረጥም። መድኃኒቶችንም መመርመር እንደሚገባ ጠቆሙ። ለሚጥል በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ፌኖባርቢታል አንዳንድ ልጆችን ያቅበጠብጣል፤ ሌቬቲራሴታም ያነጫንጫል፤ ለጡንቻ መገታተር የሚሰጠው ባክሎፌን ደግሞ ያፈዛል። መድኃኒቱ ያመጣውን ባሕርይ በሌላ መድኃኒት ማሳደድ እንዳይመጣ፣ ይሁን እንጂ ወላጅ በራሱ ውሳኔ የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንዳያቋርጥ አጥብቀው አሳሰቡ።

በመጨረሻ ያነሡት የዓይንን ነገር ነው። ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ አንጎሉ የታየውን ማደራጀት የሚያቅተው ልጅ ብዙ ነገር በተጨናነቀበት ገጽ ላይ ይጠፋል፤ የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳውን ግን አንድ አንድ ፊደል እየታየለት ያልፈዋል። ሙከራ ሰጡኝ፤ አደረግሁት። ወፍራም ነጭ ካርቶን ወስጄ መሃሉን አንድ ጥያቄ ብቻ በሚያሳይ መጠን ቀደድኩ። ወረቀቱ ላይ ሳስቀምጠው ልጄ ጎንበስ ብላ በቀዳዳው ውስጥ ያለውን ቁጥር በጣቷ ነካችና ያለ ጥሪ ሠራችው፤ ካርቶኑን ወደ ቀጣዩ የገፋችውም ራሷ ናት። ሦስት ሠርታ አራተኛው ላይ ጥላውን መከተል ጀመረች። ስለዚህ ረድቷታል፤ ሁሉንም ግን አልፈታውም። ይህንኑ ለሐኪሙ ጻፍኩላቸው።

ከ11ኛ እስከ 13ኛ

እነዚህ ሦስቱ በወንበርና በጠረጴዛ ላይ ቆዩ። አንዱ ስለ እግር መርገጫ አሠራር ጠየቁ፤ ሌላዋ ወረቀት እንዳይንሸራተት ስለሚነጠፍ ላስቲክ አስረዱ፤ ሦስተኛው ስለ እርሳስ ውፍረት ከሁለተኛዋ ጋር ተከራከሩ። ጠቃሚ ቢሆንም ከጉዳዩ እየራቅን ስለነበር ወደ ጥያቄው እንድንመለስ ለመንኩ።

14ኛ ምላሽ

ከመድኃኒት ጋር የኖሩ አባት የጻፉት ነው። ልጃቸው ሴሬብራል ፓልሲውም ኤዲኤችዲውም እንዳለበት ከተረጋገጠ በኋላ ሜቲልፌኒዴት የተባለው የኤዲኤችዲ መድኃኒት ተጀመረለት። በመጀመሪያው ሳምንት የታየው ለውጥ እንዳስደነገጣቸው አልሸሸጉም፤ ልጁ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የሚሰማውን ትእዛዝ ሳይደገምለት ስለፈጸመ ልምምዱ ራሱ ተሻሻለ። ሆኖም ምሳ መብላት ተወ። በፊትም መዋጥና ማኘክ ስለሚያስቸግረው ከዕድሜው በታች ይመዝን ነበር፤ በሁለት ወር ውስጥ የጎድን አጥንቱ መቆጠር ጀመረ። ሐኪሙ መጠኑን ቀንሰው፣ ከቁርስ በኋላ እንዲወስደውና ዋናው ምግቡ የመድኃኒቱ ኃይል ወደሚያልቅበት ሰዓት እንዲዛወር አደረጉ። ዛሬ በየሦስት ወሩ ክብደቱ፣ ቁመቱ፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ይለካል። አባትየው ለማንም ውሰዱ ወይም ተዉ እንደማይሉ፣ ሚዛን ሳይኖር ግን መድኃኒቱ መጀመር እንደሌለበት ጻፉ።

15ኛ እና 16ኛ ምላሽ

15ኛው መላሽ የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ ሜቲልፌኒዴት ፈጽሞ ክልክል ነው ብለው በማስፈራሪያ ቃል ጻፉ። ሐኪሙ በ16ኛው ላይ ይህን በጠንካራ ቃል አረሙ፤ በዚህ ውይይት ውስጥ ድምፃቸው የጠነከረው በዚህ ቦታ ብቻ ነው። መንቀጥቀጡ በመድኃኒት በደንብ የተያዘለት ልጅ በሐኪም ክትትል ሊወስደው እንደሚችል፣ ፈጽሞ ክልክል ነው የሚለው ወሬ ብዙ ወላጆችን ከምርመራ እንዳስቀረ ተናገሩ። በዚያው ልክ፣ ሴሬብራል ፓልሲ ባለባቸው ልጆች ላይ በቀጥታ የተደረጉት የመድኃኒት ጥናቶች ጥቂትና በትንንሽ ቡድኖች ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው፣ አብዛኛው ማስረጃ የሚመጣው ሴሬብራል ፓልሲ ከሌለባቸው ልጆች መሆኑን ገለጹ። ለዚህም ነው በትንሽ መጠን ተጀምሮ በዝግታ የሚጨመረው። ከስድስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ደግሞ የሚቀድመው ወላጆችን የሚያሠለጥን የባሕርይ እገዛ ነው።

17ኛ ምላሽ

6ኛው ሰው ተመለሱ። አቋማቸውን አልለወጡም፤ አንድ ነገር ግን ጨመሩ። ትምህርት ቤቶች ለልጁ ተጨማሪ ሰዓት ከመስጠት ይልቅ ወላጁን ወደ መድኃኒት መግፋት እንደሚቀላቸው፣ ሲናደዱ የነበሩትም በዚህ እንደሆነ ጻፉ። በዚህ ነጥብ ተስማማሁ፤ መስማማቴንም ጻፍኩ። ቀስ ብላ የምትጽፍ ልጅ ተጨማሪ ጊዜ የሚገባት ኤዲኤችዲ ኖረባትም አልኖረባትም ነው፤ እርዳታው የስያሜ ወረቀት እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። ስለ ሥርዓት ማጥበቅ የጻፉትን ግን እንዳልተቀበልኩ አብሬ ገለጽኩ። 7ኛዋ እናት በመስማማቴ ቅር እንዳላቸው በግልጽ ነገሩኝ፤ እኔም ቅሬታቸውን ተረድቼዋለሁ።

18ኛ ምላሽ

መነሻ ጽሑፌ ላይ ሳላስብ ያለፍኩትን አንድ ዓረፍተ ነገር ያስተዋሉት እኚህ መምህርት ብቻ ናቸው። ልጄ አራተኛውን ጥያቄ ማታ በቃል ወዲያው መመለሷን ይዘው፣ እጅና ዓይን የሚሸከሙትን ከትኩረት የሚለዩበትን መንገድ አስረዱ። በእሳቸው ክፍል አንድ ልጅ በጽሑፍ ከአሥር ሦስት አግኝቶ ያንኑ ፈተና በቃል ስምንት መልሷል። ሌላዋ ግን በቃልም በጽሑፍም እኩል ይጠፋባት ነበር፤ የመጀመሪያው ተጨማሪ ሰዓትና የሚጽፍለት ሰው በቃው፤ ሁለተኛዋ ለምርመራ ተላከች።

እኔም ከሥራው ላይ እጇንና ዓይኗን እንዳነሣ፣ ልጅቱን በደንብ ተደግፋ ወይም ተጋድማ፣ ሕመም በሌለባትና በተኛችበት ማግስት፣ ከዚህ በፊት ሰምታው የማታውቀውን ተረት እንዳነብላትና የት ላይ እንደምትጠፋ ሰዓት ይዤ እንድመዘግብ ነገሩኝ። በዚያ ሁኔታ ትኩረቷ ከቆየ ችግሩ ያለው ወንበሩና ወረቀቱ ላይ ነው፤ በዚያም ከሄደ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በአንድ ቀን እንዳልፈርድና ብዙ ጊዜ እንድደግመው፣ ውጤቱንም ፍርድ አድርጌ ሳይሆን ማስታወሻ አድርጌ ለሐኪም እንድወስድ አሳሰቡ።

19ኛ ምላሽ

ይህ የራሴ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የጻፍኩት። በመጀመሪያ እግሯ ሥር የድሮ መጻሕፍት በገመድ አስሬ አስቀመጥኩ፤ ተረከዟ ሲያርፍ ትከሻዋ ወዲያው ወረደ፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ትይዝ እንደነበር ያየሁትም ስትለቀው ነው። የቤት ሥራው ከ40 ወደ 25 ደቂቃ ወረደ። ከዚያ በስድስት የተለያዩ ቀናት፣ ትራስ ላይ ተጋድማ፣ ተረት አነበብኩላት። ወዳዋለች፤ እንድቀጥል ትለምነኛለች። ይሁን እንጂ ከስድስቱ በአምስቱ፣ አራተኛው ወይም አምስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ጣቷ የብርድ ልብሱን ጫፍ ማጠንጠን ይጀምራል፤ ዓይኗ ወደ ጣሪያው ይሄዳል። ትከሻዋን ስነካት ሁልጊዜ ትመለሳለች፤ የት ደረስን ብዬ ስጠይቃት ግን የምትነግረኝ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። ቀኑን፣ ደቂቃውንና ሌሊቱን ስንት ጊዜ እንደነቃች በአንድ ደብተር ጽፌዋለሁ።

20ኛ ምላሽ

የ4ኛው ምላሽ አባት፣ ልጁ ንግግሩ ለሌላ ሰው በማይገባበት ጊዜ የቃል ሙከራው እንዴት እንደሚደረግ መምህርቷን ጠየቁ። መምህርቷ በዓይን የሚመረጡ ሥዕሎች ሁለት ሁለት ሆነው፣ በሰፊ ርቀት እንዲቀርቡ ጠቆሙ፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷም ሥዕሎቹ ያለ ጌጥ በጥቁር መደብ ላይ ቢሆኑ እንደሚሻል ጨመሩ። አባትየው እሑድ እንደሚሞክሩትና ያዩትን እዚሁ እንደሚጽፉ ነገሩን። የኔ ልጅ ቀጠሮ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ደብተሩን፣ የተቀደደውን ካርቶንና መምህሯ ከእኔ ተለይታ የሞላችውን መጠይቅ እይዛለሁ፤ የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራና የእንቅልፏ ጉዳይም በዚያው ቀን እንዲታይ ጠይቄያለሁ።